የእጅ ሰዓታችሁ "ተጨንቃችኋል" ሲላችሁ ማንን ታምናላችሁ?

የስማርት ሰዓት ሻጮች የሚደጋግሙት አንድ ተስፋ አለ። ሰዓቱን እሰሩት፤ ቀኑን ሙሉ ምን ያህል እንደተጨነቃችሁ በቁጥር ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ደግሞ ትንፋሽ እያስቆጠረ ያረጋጋችኋል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ነው የሚሸጥልን፤ አንደኛው መለካት፣ ሁለተኛው ማረጋጋት። ለየብቻ ስንፈትሻቸው ውጤታቸው አንድ ሆኖ አናገኘውም። ገንዘብ የምንከፍልበት መለኪያ ከተወራለት በታች ነው። በነጻ ልናገኘው የምንችለው ማረጋጊያ ግን በመጠኑም ቢሆን ይሠራል።

ሰዓቱ የሚያየው ምንድን ነው?

ሰዓቱን ገልብጡትና ጀርባውን እዩት። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ውጦ ያስቀራል። ልብ በመታ ቁጥር በአንጓችሁ ሥር ያለው ደም ለቅጽበት ስለሚጨምር፣ ወደ ሴንሰሩ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ እየቆጠረ የልብ ምታችሁን ያወጣል። ይህ ጥሩ ፊዚክስ ነው። አርፋችሁ ከተቀመጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል፤ ስትንቀሳቀሱ ግን ስህተቱ ይጨምራል።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ነው ረቀቅ የሚለው። ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል አይመታም። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል አንዴ 0.95 ሴኮንድ፣ አንዴ 1.05 ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። አየር ስትስቡ ፈጠን ይላል፣ ስታስወጡ ዘገም ይላል። ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ በረጅሙ ተንፍሱ፤ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ይህን ፍጥነት የሚቆጣጠረው በዋናነት ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው፤ ለልብ እንደ ፍሬን ሆኖ ይሠራል። ሰውነት አደጋ ሲሸተው ፍሬኑ ይላላል፤ ልብ ይፈጥናል፤ በምቶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል።

ሰዓቱ ታዲያ ልዩነቱ ሲጠብ "ውጥረት" ብሎ ይተረጉመዋል። ለምሳሌ ጋርሚን ከ0 እስከ 100 ይሰጣል፤ እስከ 25 ያለው እረፍት፣ ከ76 ጀምሮ ያለው ከፍተኛ ውጥረት ይባላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊትቢት ሴንስ ደግሞ የላብ ሴንሰር ጨምሯል። ላብ ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስንደነግጥ እጃችንን ትንሽ ያልበዋል፤ ሴንሰሩ ያንን ይይዛል።

የረጠበው ደጅ

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው። ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ዝላይ ላይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጁ ይረጥባል። ደጁን ረጥቦ ስላገኛችሁት ግን "ዘንቧል" ብላችሁ መማል ትችላላችሁ? ጎረቤት የልብስ እጣቢ ደፍቶ ቢሆንስ? ጭንቀት ልብን ያፈጥናል ማለት፣ የፈጠነ ልብ ሁሉ ተጨንቋል ማለት አይደለም።

ደጁን የሚያረጥቡ ሌሎች ነገሮች ብዙ ናቸው። አቦል ቡና ያፈጥነዋል። አራት ፎቅ ደረጃ መውጣት ያፈጥነዋል። ትኩሳት፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ በ90ኛው ደቂቃ ጎል ሲቆጠርበት፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ደጋፊ ልቡ በኃይል ይመታል። ሰዓቱ የሁለቱንም ልብ ያያል። ማን እየዘለለ እንደሆነ፣ ማን አንገቱን እንደደፋ ግን አያይም። ሳይንቲስቶች ይህን የሰውነት መነቃቃት ይሉታል። ደስታም ፍርሃትም ጉጉትም ንዴትም በዚሁ በር ነው የሚገቡት።

ይህ ዝላይ አዲስ አይደለም። በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ ጆን ላርሰን የተባለ የፖሊስ ባልደረባ የደም ግፊትንና ትንፋሽን አብሮ የሚመዘግብ "የውሸት መያዣ" መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ግፊትንም ትንፋሽንም መመዝገብ አላቃተውም። ያልቻለው "ይህ ሰው ስለዋሸ ነው የደነገጠው ወይስ ስለተጠረጠረ?" የሚለውን መለየት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ መሣሪያው የመንግሥት ሠራተኞችን ለማጣራት የሚያስተማምን ትክክለኛነት የለውም ብሎ ደመደመ። የዛሬው ሰዓት ከዚያ መሣሪያ እጅግ ያነሰና የተዋበ ነው። ትርጉም የሚያወጣበት መንገድ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው።

ሲፈተንስ?

"ይሄ ክርክር ነው፤ ማስረጃው የታለ?" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 800 ለሚጠጉ ተማሪዎች የጋርሚን ሰዓት አስረውላቸው ለሦስት ወር ተከታተሏቸው። ተማሪዎቹ በቀን አራት ጊዜ በስልካቸው ምን እንደሚሰማቸው ይሞላሉ፤ ሰዓቱ ደግሞ የራሱን ይመዘግባል። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ለአምራቾቹ የሚያስደስት አልነበረም። ለአብዛኞቹ ተማሪዎች ሰዓቱ ስለ ውጥረት የሚለውና ራሳቸው የሚሉት የሚገናኙ አልሆኑም፤ ዝምድናቸው ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። ስለ እንቅልፍ ርዝማኔ ግን ሰዓቱ የተሻለ ሠርቷል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሰው ስለራሱ የሚሞላው መጠይቅም ፍጹም አይደለም። ውጥረታችንን ለምደነው "ደህና ነኝ" የምንልበት ጊዜ አለ። አምራቾቹም "እኛ የምንለካው የሰውነትን ጫና ነው እንጂ ስሜትን አይደለም" ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ጥሩ፤ እንደዚያ ከሆነ ግን በስክሪኑ ላይ ለምን "የሰውነት መነቃቃት" ብለው አይጽፉትም? ቃሉ ያን ያህል ስለማይሸጥ ይመስለኛል።

የቃሉ ነገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ይብሳል። እኛ "ጭንቀት" ስንል የፈተና ዋዜማ ውጥረትንም፣ ያለ ምክንያት ለወራት የሚያስጨንቅ ሕመምንም፣ የታመመች እናትን ማሰብንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ሐኪሞች ግን ይለያዩዋቸዋል። ለምሳሌ ጋድ-7 የተባለው መጠይቅ ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐሳባችሁን መቆጣጠር አቅቷችሁ እንደሆነ፣ መዝናናት ተስኗችሁ እንደሆነ ይጠይቅና ከ0 እስከ 21 ነጥብ ይሰጣል። ከፍ ያለ ነጥብ "ሐኪም ያነጋግርህ" ለማለት እንጂ በራሱ በሽታን አያረጋግጥም። ቢሆንም የሚጠይቀው ስለ ሐሳባችሁና ስለ ኑሯችሁ ነው። ሰዓቱ ይህን ለመጠየቅ የሚችልበት አፍ የለውም። በላብና በልብ ምት የተገኘ ቁጥር "ጭንቀት" ተብሎ ሲተረጎም፣ ሰዓቱ ያላየውን ሁሉ ያየ ይመስላል።

ቁጥሩ ራሱ ሲያስጨንቅ

"ታዲያ ቢሳሳትስ ምን ይጎዳል?" ትሉ ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት እንቅልፍ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የውሸት ውጤት ሰጠ። ለአንዳንዶቹ "ሌሊቱን በደንብ ተኝታችኋል"፣ ለሌሎቹ "በደንብ አልተኛችሁም" ተባሉ፤ የተነገራቸው ግን ከእውነተኛ እንቅልፋቸው ጋር አይገናኝም። "አልተኛችሁም" የተባሉት በዚያው ቀን ስሜታቸው የከፋ፣ ድካማቸውም የበዛ ሆነ። ቁጥሩ የነበረውን ነገር አልዘገበም፤ ያልነበረውን ፈጠረ።

አሁን የ12ኛ ክፍል ፈተና ጠዋት ላይ ሰዓቷን አይታ "82፣ ከፍተኛ ውጥረት" የሚል ያገኘችን ተማሪ አስቡ። ልቧ የፈጠነው ሰውነቷ ለሥራ እየተዘጋጀ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን ችግር አለብሽ አላት። በ2014 እ.ኤ.አ. አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ፣ ሰዎች በሌሎች ፊት ንግግር ሊያደርጉ ሲሉ "ረጋ ብያለሁ" ከሚሉ ይልቅ "ጓጉቻለሁ" ቢሉ የተሻለ ንግግር እንደሚያደርጉ አሳይታለች። የጓጉት ሰውነታቸውን ዝም ለማሰኘት አልታገሉም፤ ስሙን ነው የቀየሩለት። ሰዓቱ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ስሙን አስቀድሞ "ውጥረት" ብሎ ለጥፎታል።

ትንፋሹ ይሠራል፣ ግን ሚዛኑን እዩ

ወደ ሁለተኛው ተስፋ እንሂድ። ቀስ ብሎ መተንፈስ ያረጋጋል? አዎ፣ በመጠኑ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በቀን ለ5 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር አለማመዱ። ረዘም አድርጎ ማስወጣት ላይ ያተኮረው አተነፋፈስ፣ በጽሞና ከመቀመጥ ይልቅ የሰዎቹን ስሜት አሻሻለ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሳንባና 5 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሆኖም አንድ ማታለያ አለ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ ስትተነፍሱ፣ በልብ ምቶቻችሁ መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ይሰፋል፤ ቅድም ያየነው የመሳብና የማስወጣት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ "ውጥረታችሁ ቀንሷል" ሲል፣ ያሳሰባችሁ ነገር ስለቀለለ ነው ወይስ ሰዓቱ የሚለካውን ነገር ራሳችሁ ስላንቀሳቀሳችሁት? ሚዛን ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነው። ትንፋሹን ተጠቀሙበት፤ የመዳን ምስክር ወረቀት ግን ከሰዓቱ አትጠብቁ። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ከትንፋሹ በኋላም ኪራዩ ይጠብቀዋል።

ቴክኖሎጂ ከሰው ጋር ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሐራሬ እንሂድ። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የጀመሩት "የወዳጅነት አግዳሚ" በጤና ጣቢያ ግቢ በተቀመጠ የእንጨት አግዳሚ ላይ ሥልጠና የወሰዱ እናቶች የተጨነቀን ሰው አዳምጠው፣ ችግሩን አብረው በቅደም ተከተል የሚፈቱበት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. 573 ሰዎችን ያካተተው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ያገኙት ከስድስት ወር በኋላ ምልክቶቻቸው ከሌሎቹ በጣም ቀንሰው ተገኙ። ሞባይል ስልክም ነበረ፤ ሥራው ግን ሰውን ከሰው ማገናኘት ነበር።

መረጃው የት ይሄዳል?

አንድ ነገር ይቀረናል። የውጥረት ቁጥራችሁ እጃችሁ ላይ አይቀርም፤ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይሄዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን የምክር አገልግሎት አፕ፣ የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል በሚል ክስ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራና በትምህርት ቦታ የሰውን ስሜት ከሰውነቱ ምልክት የሚገምት ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ ከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደጁ ስለረጠበ ብቻ "ይህ ሠራተኛ ጫና አይችልም" የሚል አለቃ ማንም አይፈልግም።

ሰዓት ያላችሁ ሰዎች ሰዓታችሁን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ይልቅ ራሳችሁ ፈትኑት። ለሁለት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቁጥሩን ሳታዩ በፊት ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እንደተወጠራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቡና ጠጥታችሁ ወይም ደረጃ ወጥታችሁ ከሆነም አስፍሩ። ከዚያ የሰዓቱን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡ። ከተስማሙ፣ ለእናንተ የሚጠቅም ነገር አለው ማለት ነው። ካልተስማሙ የደብተሩን እመኑ። ደብተሩ ራሱ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ከቆየና እንቅልፋችሁን ወይም ትምህርታችሁን ካወከ ደግሞ ሌላ አፕ አትጫኑ፤ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ።