ስለ ሕዝብ ማስታወቂያ አጻጻፍ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና አቅራቢያ በአንድ የገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ያገኘነው ማስታወቂያ ይህን ትችት ለመጻፍ ምክንያት ሆኖናል። ማስታወቂያው የመሬት ይዞታ ልኬታ ውጤት ለሕዝብ መቅረቡን ይገልጻል፤ ቅሬታ ያለው ባለይዞታም «በ15 ቀናት ውስጥ» እንዲያመለክት ያሳስባል፤ በመጨረሻም «ማስረጃ በጽሕፈት ቤቱ ይሰጣል» ይላል። ጽሕፈቱ የተስተካከለ፣ ማኅተሙም ጉልህ ነው። ጉድለቱ ከቃሉ ላይ ነው።

15ቱ ቀናት የሚቆጠሩት ከየትኛው ዕለት ጀምሮ ነው? ወረቀቱ የተለጠፈበት ቀን አልተጻፈበትም። ሰንበትና በዓል ይቆጠሩ እንደሆነም አልተነገረም፤ የገጠራችንን የበዓል ብዛት ለሚያውቅ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

ከዚህ የከፋው «ይሰጣል» የሚለው ግስ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ሰ» እና «ጣ» ላልተው ሲነበቡ ማስረጃ የሚያቀርበው ባለይዞታው ይመስላል፤ ጠብቀው ሲነበቡ ግን ጽሕፈት ቤቱ የሚያድለው ማስረጃ ያለ ይመስላል። በአጠገባችን የቆሙ አዛውንት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በኋላ በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብበው ከጨረሱ በኋላ «ልጄ፣ ሰጪው እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?» ሲሉ ጠየቁን። ስንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርን ሰዎች እርግጠኛ መልስ አጣን።

የልኬታው ውጤት በይፋ የሚቀርበው የይዞታ ደብተሩ ከመሰጠቱ በፊት ስሕተት ካለ እንዲታረም ነው። ቀኑ ካለፈ የተዛነፈው ወሰን፣ ወይም ከባሏ ጋር በአንድነት መስፈር የነበረበት የሚስት ስም ተሳስቶ፣ በመዝገብ ይጸናል። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ቃዳ መሬት ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ይከተላል።

የመንግሥት ጽሑፍ ክብደት ሊኖረው ይገባል፣ እንደ ገበያ ወሬ ሊጻፍ አይገባም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ቀድሞ ነጋሪት እየጎሰመ በገበያ አዋጅ የሚያሰማው ሰው ክብር አልጎደለውም፤ ያልገባው ቢኖርም ከአጠገቡ ሆኖ ይጠይቀው ነበር። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ተጠይቆ አይመልስም። ስለሆነም ጥያቄውን አስቀድሞ መገመት የጸሐፊው ግዴታ ነው።

ጸሐፊውንም ብቻ መውቀስ አይገባም። በትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው ስለ ክረምት ውበት ድርሰት ይጽፋል፤ የማመልከቻ ደብዳቤም ይለማመዳል። አንድ የቀበሌ ማስታወቂያ ገልብጦ ለወላጆቹ እንዲያነብና የገባቸውን መዝግቦ እንዲመጣ የሚታዘዘው ግን ከስንት አንዱ ነው? መምህራን ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ወጪም የለበትም።

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አስተያየታችንን በቅንነት ተቀበለ። ብዕሩን አውጥቶ ከማስታወቂያው ግርጌ የመጨረሻውን ዕለትና ወር ጻፈ፤ «ይሰጣል» የሚለውንም ሰርዞ «ባለይዞታው ማስረጃውን ይዞ ይምጣ» አለበት። አዛውንቱ እንደገና አነበቡትና ደብተራቸውን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።