ማሲንቆና ድምፅ ማጉያ

ባለፈው ኅዳር፥ የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ሒሳባቸውን በተቀበሉበት ሰሞን፥ በመተማ ዮሐንስ ከአንድ የሙዚቃ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። የተጫወቱትም አንድ የጎንደር አዝማሪ፥ ኦርጋን የሚመታ ወጣት፥ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን የተነሣውን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ታንቡር መቺ ነበሩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ዘፈን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። መምህር ከሆንሁ በኋላ አንድ የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆውን ይዞ ቢመጣ፥ «ይህን የልመና ዕቃ ቤትህ አስቀምጥ» አልሁት። በማግሥቱ ባዶ እጁን መጣ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሱም ቀረ። እንግዲህ ይህን ፍርድ የምጽፈው ንጹሕ ዳኛ ሆኜ አይደለም።

ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ነው፤ ውበቱም ደጋኑ ሲሳብ በሚወጣው ሻካራ ትንፋሽ ላይ ነው። ወጣቱ በኦርጋኑ እንደ ጉም የተዘረጋ ረጅም ድምፅ ከሥር ሲያነጥፍለት፥ በትዝታ ቅኝት ሳልጠብቀው ደስ አሰኘኝ። በአንቺ ሆዬ ግን አልተስማሙም፤ የኦርጋን ቁልፍ በተቈረጠለት ድምፅ ላይ ይቆማል፥ የአዝማሪ ጣት ግን በመካከል ይንሸራተታል።

እጅግ የነቀፍሁት ድምፅ ማጉያውን ነው። በአዝማሪ ወግ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ያቀብላል፥ አዝማሪውም በዜማ ይመልስለታል። በዚያ ምሽት ከኋላ የተቀመጡት ሳሉጎች ደጋግመው «ተቀበል!» ቢሉ ማን ይስማቸው? ገንዘባቸውን ከፍለው አፋቸውን ተዘጉ።

ታንቡሩ ሲጀመር ወጣቱ (ይመስገንና) ኦርጋኑን ትቶ ማጉያውን ዘጋው። ታንቡር የክራራችን ወንድም ነው፤ አምስት አውታር አለው፥ ዜማውም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል። ስለዚህ አዝማሪው ሳይለማመድ ተከተለው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው በወደቁበት አገር ይህን መስማቴ ቀላል ነገር አልመሰለኝም። ያን ጊዜ አንድ ሳሉግ ተነሥቶ ስለ እንግዳው እናት ስንኝ አቀበለ፤ አዝማሪውም ተቀበለው። አንድ ነጋዴ በዓረብኛ ቢተረጕምለት፥ ሱዳናዊው አንገቱን ደፍቶ መምታቱን ቀጠለ።

ሲበተን ወደ አዝማሪው ቀርቤ የአባቱን ስም ጠየቅሁት። የእኔ ተማሪ አልነበረም።