የመንዝ ንግሥና ጽዋ
ስለ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» አንድ ሂስ

ስለ መንዝ ሰው ኑሮ የውጭ አገር ሊቃውንት ከጻፏቸው መጻሕፍት መካከል እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በ1965 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። ደራሲው አገሩን ረግጦ፥ ከባላገሩ ጋር ተቀምጦ የጻፈው ስለ ሆነ፥ በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከተሠሩት እጅግ ይሻላል። ነገር ግን መጽሐፉ በመጨረሻ የሚሰጠው ፍርድ ከባድ ነው፤ የአማራው ባላገር ግለኛ ነው፥ ከቤተ ሰቡና ከአለቃው ወዲያ ያለው የመተባበር ልማድ ልል ነው ይላል። ይህ ፍርድ ከመጽሐፉ ወጥቶ በተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ውስጥ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲጠቀስ ይታያል። እኔ በበኩሌ ፍርዱን ለመመርመር ከታቦት በዓል የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በፈረንጅኛ ስለ እኛ በዓላት የሚጽፉ ሰዎች ንግሥን «የጠባቂ ቅዱስ በዓል» እያሉ ይተረጉሙታል። ይህ ቃል የበቀለው በካቶሊክ አገሮች ነው። በጣሊያን ወይም በእስፓኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ጠባቂ አላት፤ በቀኑ ሐውልቱ በትከሻ ተይዞ በአደባባይ ይዞራል። የጠባቂው አመራረጥ እንኳ በሕግ የተወሰነ ነው፤ በ1630 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ ሕዝቡና ካህናቱ የሚመርጡት ጠባቂ በሮም እንዲጸድቅ ደንብ አውጥተዋል። እንግዲህ በዚያ አገር ቅዱሱ የከተማው ነው፤ በዓሉም የከተማው ክብር ነው።

በመንዝ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ታቦቱ የደብሩ ነው እንጂ የከተማው አይደለም። መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ፥ በጊሼ ራቤልም ሆነ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ፥ ከተማ የሚባለው ነገር የመጣው ከአጥቢያው በኋላ ነው። ቅዱሱን ከሰው ጋር የሚያገናኘውም ጠባቂነት ብቻ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው። በገድላቱና በድርሳናቱ እንደሚነበበው ጻድቁ ወይም መልአኩ ከፈጣሪ የተቀበለው ቃል አለ፤ በስሙ የተራበ ላበላ፥ የተጠማ ላጠጣ፥ ዝክሩን ላደረገ ምሕረት ይደረግለታል የሚል ነው። ስለዚህ የበዓሉ ዋና ሥራ ማብላት ነው። ሰልፉ፥ ሆታውና እልልታው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ይህን ያልተረዳ ተመልካች ታቦቱ ሲወጣና ሲገባ አይቶ፥ ማስታወሻውን ዘግቶ፥ በዓሉን ጨረስሁ ብሎ ይሄዳል።

ቃል ኪዳኑም በአንድ ቦታ ብቻ አይያዝም። አንድ ሰው ለብቻው በቤቱ ዝክር ይዘክራል። ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው በወር በወሩ፥ በ12 ለሚካኤል፥ በ21 ለማርያም፥ በ27 ለመድኃኔ ዓለም ማኅበር ይጠጣሉ። የአጥቢያው ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ሰንበቴ ይቀመጣሉ። በመጨረሻም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደብሩ በሙሉ ያነግሣል፤ ኅዳር 12ና ሰኔ 12 የሚካኤል፥ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 የገብርኤል፥ ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ሌቪን ማኅበርን ሳያነሣ አላለፈም። ጉድለቱ እንደ ጎን ነገር መቁጠሩ ነው። ማኅበርን ጠጋ ብሎ ላየው በጽሑፍ ያልሰፈረ ጠንካራ ሕግ አለው። ተራው የደረሰ ሰው ከገብሱ ለጠላውና ለዳቦው አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ሚስቲቱ ጌሾውን ወቅጣ፥ ብቅሉን አብቅላ፥ ቀኑን ቆጥራ ትጠምቃለች። በቀኑ ቄሱ ባርኮ ዳቦውን ይቆርሳል፤ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፤ የተጣላ ሳይታረቅ ከጽዋው አይጠጣም። ሲያበቃ ባለ ተራው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል፥ እርሱም በምእመኑ ፊት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው በቤቱ እስካለ ድረስ ያ ቤት ባለ ዕዳ ነው። ይህን የመሰለ ዕዳ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር የኖረበትን አገር «የመተባበር ልማዱ ልል ነው» ለማለት መቸኮል አይገባም።

ሌላም ማስረጃ አለ። በበዓል ቀን ያረሰ ወይም ያጨደ ሰው ቅጣቱ በእርሱ ላይ ብቻ የሚወርድ አይደለም ተብሎ ይታመናል፤ በረዶው የጎረቤቱንም ማሳ ይመታል። ስለዚህ ጎረቤቱ ይቆጣል፥ ይከለክላል፥ ለሽማግሌ ይናገራል። ብርድና በረዶ ሁልጊዜ ገብሱን በሚያስፈራሩበት ደጋ ይህ እምነት ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ ጥፋት የሁሉ ነው የሚል ሰው ግለኛ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ከገሣ ወገን የጓሣን ምድር የሚያውቅ አንባቢም ያስታውስ፤ የመንዝ ሰዎች ያን ሰፊ የጓሣ ሣር ለዓመታት ዘግተው፥ በቀጠሮ ከፍተው፥ በመረጡት አለቃ ሲያስጠብቁ ኖረዋል። ይህ የቄሮ ሥርዓት የፈረሰው በ1967 የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ነው እንጂ በሰዎቹ ግለኝነት አይደለም።

ከሌቪን በተለየ መንገድ በዓላትን የሚነቅፉ የራሳችን ሰዎችም አሉ፤ በዓሉ በዛ፥ ሥራ ተፈታ፥ እህል ባከነ ይላሉ። ነቀፋው እውነት የለውም አልልም። ኅዳር 12፥ ኅዳር 21ና ታኅሣሥ 19 በአጨዳና በውቂያ ወራት ላይ ይወድቃሉ፤ በዚህም ላይ ቅዳሜና እሑድ አለ። የሁለቱ ሰንበት መከበር የጸናውም እዚያው ጎረቤት በተጉለት፥ በ1450 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ ነው። ይኸው ጥያቄ በካቶሊኮችም ዘንድ ተነሥቶ፥ ከላይ የጠቀስኋቸው ኡርባኖስ 8ኛ በ1642 እ.ኤ.አ. ሥራ የሚፈታባቸውን በዓላት ቆጥረው ወስነዋል። ነገር ግን ነቃፊዎቹ የሚረሱት አለ። በበዓል የሚከለከለው ማረስ፥ ማጨድና መፍጨት ነው፤ ከብት ይጠበቃል፥ ገበያ ይወጣል፥ ዕርቅ ይደረጋል፥ ዕዳ ይጠየቃል፥ ጋብቻ ይታጫል። ባከነ የሚባለውም እህል የሚበላው በሰው ነው፤ ከሚበሉትም መካከል በደጀ ሰላም የተቀመጡ ችግረኞች አሉ። የባላገሩን የበዓል ወጪ የሚቆጥር ሰው የበሉትንም አብሮ ይቍጠር።

ይልቅስ በብርቱ ሊነቀፍ የሚገባው ሌላ ነው። ከ1967 ዐዋጅ በፊት አገልጋዩ ካህንና ደብተራ የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። መሬቱ ከተወረሰ ወዲህ ደብሩ የሚተዳደረው ምእመኑ በሚያዋጣው ሆኗል፤ የንግሥ ቀንም ከዋናዎቹ የገቢ ቀኖች አንዱ ሆነ። ስለት በድምፅ ማጉያ ሲነገር፥ የሰጪው ስምና የብሩ ልክ ሲጠራ፥ ቃል ኪዳኑ ከማብላት ወደ ማዋጣት ሲያዘነብል ይታያል። ካህኑ ይብላ፥ ጣራው ይጠገን፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን አንድ እንስራ ጠላና አንድ ድፎ ይዛ የምትመጣው መበለት ስሟ በማጉያው አይጠራም፤ በገድሉ ቃል ከሆነ ግን ዝክሩን ያደረገችው እርሷ ናት።

ለሌቪን አንድ ነገር ልተውለት እወዳለሁ፤ ያልጻፈውን ግን ሊጽፈው የሚገባውን። ማኅበር የሚመራረጡ ሰዎች ማኅበር ነው። ከታቦቱ ኋላ ሁሉም ይሄዳል፤ ከጽዋው ዙሪያ ግን ሁሉም አይቀመጥም። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ፥ ማረሻውን የሠራለት ሰው እንኳ፥ በቡዳ ስም እየተፈራ ከገበሬው ማዕድ ሲርቅ ኖሯል። ሴቶችም የማርያም ማኅበር ቢኖራቸው፥ በወንዶቹ ማኅበር ጠምቀው፥ ጋግረው፥ ከጓዳ ይቀራሉ። እንግዲህ ትስስሩ ልል አልነበረም፤ ይልቁን ጥብቅ ነበር፥ በጥብቀቱም የሚያስወጣቸው ሰዎች ነበሩት። ወደ መንዝ፥ ወደ ጊሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ ለጥናት የሚሄድ ጓደኛችን የማኅበሩን አባላት ስም ጽፎ ሲያበቃ፥ በዚያው አጥቢያ እየኖሩ በየትኛውም ጽዋ ስማቸው የሌለውን ሰዎች በየቤታቸው ሄዶ ይጠይቅ፤ ታቦቱ ሲነግሥ የት እንደሚቆሙና ከማን እጅ እንደሚቀበሉም ይጻፍ።