«ዘገየ» ወይስ «ተገታ»? በላፕቶፕ ጥገና አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

ለኮምፒዩተር የአማርኛ ስያሜ ለመስጠት እስካሁን የተደረገው ጥረት በአብዛኛው ያተኮረው በስሞች ላይ ነው። ለመሣሪያው አካላት በየተራ ስም ሲወጣላቸው፣ አካላቱ የሚያደርጉትንና የሚደረግባቸውን የሚገልጹት ግሦች ግን ተዘንግተዋል። የዚህ ጉድለት ጉዳት በይበልጥ የሚታየው መሣሪያው ሲታመም ነው፤ ብልሽት የሚነገረው በግሥ ነውና። ለናሙና የምንወስደው አንድ የታወቀ ብልሽት ነው፤ ይኸውም በባትሪ ብቻ ሲሠራ ፈጣን የነበረ ላፕቶፕ መብራት ላይ ሲሰካ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በእጅጉ የሚወርድበት ሁኔታ ነው። ነገሩ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ተነቅሎ ሳለ ዝግ ብሎ፣ ተሰክቶ ሳለ ግን ያለ ቁጠባ እንዲሠራ ተደርጎ የሚሠራ ነውና።

ባለንብረቱ ይህን መሣሪያ ይዞ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ «ዘገየብኝ»፣ «ተንቀራፈፈ»፣ «ከበደው» ወይም «ስታክ አደረገ» ይላል። እነዚህ አነጋገሮች በዕለት ንግግር ነውር የለባቸውም። የምንነቅፈው ጠጋኙም ሆነ የጥገና መመሪያ ጸሐፊው እነዚሁኑ ተቀብሎ እንደ ሙያ ቃል መጠቀሙን ነው። «ዘገየ» ኢተሻጋሪ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ዘገየ እንጂ ሌላ ያዘገየው መኖሩን አያመለክትም። ስለዚህ ሰሚው የድካሙን ምክንያት በዚያው በባለቤቱ ውስጥ ይፈልጋል፤ አርጅቷል፣ አቅሙ አልቋል ይላል። «ከበደው» ደግሞ የተጫነ ሸክም እንዳለ ያስመስላልና ባለንብረቱ ራም ጨምርበት ይባላል። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ብልሽቱ ግን በነበረበት ይቀራል። መሣሪያው እንዳላረጀ ማስረጃው በእጅ ላይ ነው፤ ገመዱ ሲነቀል ወዲያው መፍጠኑ።

ትክክለኛው ግሥ «ተገታ» ነው። «ገታ» ተሻጋሪ ሲሆን «ተ-» የሚለው ምዕላድ ሲጨመርበት ተደራጊነትን ያመለክታል። ፕሮሰሰሩ ተገታ ሲባል ሰሚው ሳያስበው «ማን ገታው?» ብሎ ይጠይቃል። የምርመራው መነሻም ይኸው ጥያቄ ነው።

ገቺው ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ቀላሉ የኮምፒዩተሩ የራሱ ምርጫ ነው። በዊንዶውስ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ የአሠራር መጠን ለባትሪና ለመብራት ለየብቻ በመቶኛ ይወሰናል፤ የመብራቱ ከ100 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ከተገኘ ወደ ቦታው መመለስ ይበቃል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ተሰክቶ ሳለ ፕሮሰሰሩ የበለጠ ዋት እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ በዚያው ጊዜ ባትሪው እየሞላ የራሱን ሙቀት ይጨምራል። ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ወይም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት የደረቀ እንደ ሆነ፣ ሙቀቱ በብዙ ፕሮሰሰሮች ዘንድ ወሰን ወደ ሆነው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይገታል። ሦስተኛውና በስያሜ ረገድ ብዙ የሚያስተምረን ግን በተለምዶ «ቻርጀር» የምንለው ዕቃ ነው።

«ቻርጀር» የውሰት ቃል መሆኑ አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው ሐሰት መናገሩ ነው። ከላፕቶፕ ጋር የሚሸጠው ጥቁር ሣጥን ባትሪ አይሞላም። ሥራው ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ለውጦ መስጠት ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ያለው በላፕቶፑ ውስጥ ነው። ሣጥኑ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ መሣሪያውን ያሠራል፣ ሌላው ባትሪውን ይሞላል። ስሙ ግን ሁለተኛውን ብቻ ስለሚያነሣ፣ ሰው ሁሉ «ባትሪው ከሞላ ቻርጀሩ ደኅና ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ድምዳሜው ስሕተት ነው። 90 ዋት በሚሻ ላፕቶፕ ላይ 45 ዋት የሚሰጥ ሣጥን ቢሰካ ባትሪው ቀስ እያለ ሊሞላ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ተገትቶ ይቆያል። ስለሆነም «መጋቢ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። መጋቢ ወንዝና መጋቢ መንገድ ስንል ቃሉ ወደ ትልቁ የሚያቀርብ፣ የሚያደርስ የሚለውን ፍች ይዟል፤ በቤተ ክህነትም መጋቤ ሐዲስ የሚለው ማዕርግ ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። መጋቢ ከተባለ «ስንት ይመግባል?» ብሎ መጠየቅ በራሱ ይመጣል።

መልሱ በመጋቢው ጀርባ ላይ ተጽፏል። 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር የሚል ከሆነ ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ነው፤ 4.62 አምፔር የሚል ከሆነ 90 ዋት። ገዢው ግን በአብዛኛው አይቶ የሚመለሰው መሰኪያው መግባት አለመግባቱን ነው፤ ሻጩም «ይገጥማል» ይለዋል። በአማርኛ ገጠመ፣ ተስማማ፣ በቃ የሚባሉ ሦስት ግሦች እያሉን በአንዱ ብቻ መገበያየታችን የሚያስቆጭ ነው። መግጠም የቅርጽ ነው፤ መስማማት የቮልቱ ነው፤ መብቃት የዋቱ ነው። የገጠመ ሁሉ አይስማማም፤ የተስማማም ሁሉ አይበቃም። ይህ ልዩነት ዛሬ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፤ የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ የስልኩንም የላፕቶፑንም ስለሚቀበል ሁሉም ይገጥማል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ከፍተኛውን ልክ ከ100 ወደ 240 ዋት ቢያሳድገውም፣ በገበያ ላይ በዚያው ቅርጽ ከ20 ዋት የማያልፍም አለ።

«ኃይል» የሚለውን ቃል ለዚህ ጉዳይ ልንጠቀምበት ብንሞክር ግራ መጋባቱን እናባብሰዋለን። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚለው የድርጅት ስም ቃሉ አንድ ነገር ሲሆን፣ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሚለው ስም የጎረቤቱን ፅንሰ ሐሳብ በውሰት ቃል ለይቶታል፤ ተማሪው ደግሞ ኃይልን፣ ጉልበትንና አቅምን እያቀያየረ ሲያነብ ያድጋል። ይህ ክርክር እስኪቋጭ ድረስ ጠጋኙ በዋት፣ በቮልትና በአምፔር ይናገር።

መጋቢው በቂ ሆኖ ሳለ የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። በክብ መሰኪያ በሚሠሩ ብዙ የዴል ላፕቶፖች በመሰኪያው መካከል ቀጭን እሾህ አለች፤ ላፕቶፑ የመጋቢውን ማንነትና የዋት መጠን የሚያነበው በእርሷ በኩል ነው። እሾሁ ሲጣመም ወይም ገመዱ ከውስጥ ሲበጠስ ላፕቶፑ መጋቢውን ሊያውቀው አይችልምና ባትሪውን ላለመሙላትና ፕሮሰሰሩን ለመግታት ይወስናል። ባትሪው ግን ይህን መታወቂያ አይጠየቅም፤ ሲነቀል የሚፈጥነውም ስለዚህ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንዲህ ያለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው «ፕሮክሆት» በሚባል የምልክት መስመር ነው። ስሙ «ፕሮሰሰሩ ሞቀ» ማለት ነው፤ መስመሩ ግን በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ሆኖ ስለተዘጋጀ ሌላ ክፍልም በእርሱ አማካይነት ፕሮሰሰሩን ሊገታው ይችላል። ምንም ያልሞቀ ፕሮሰሰር «ሞቀ» በሚል ምልክት ወደ 0.8 ወይም ወደ 0.4 ጊጋኸርዝ ሲወርድ ማየት እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝኛው ስያሜም ከስሕተት አለመዳኑን ቃል በቃል ተርጓሚዎች ልብ ይበሉ። «ትሮትልስቶፕ» በተባለው ፕሮግራም ምልክቱን ማፈን ይቻላል፤ ነገር ግን መጋቢው በእርግጥ የማይበቃ ከሆነ ከልኩ በላይ ተጭኖ ሊግል ወይም ሊቃጠል ስለሚችል ገቺው ሳይታወቅ እንዲህ ማድረግ አይመከርም።

ለትሮትሊንግ የሚታሰቡትን ሌሎች ቃላት በአጭሩ እንመልከት። የቃሉን የእንግሊዝኛ ምንጭ ተከትሎ «ማነቅ» ማለት ገዳይ ያስመስላል፤ መግታት ግን ጥበቃ ነው። «ልጎማ» ከልጓም የመጣ መልካም ሥዕል ነበር፤ ሆኖም «ለገመ» ከሚለው፣ ሥራ ሆን ብሎ ከመሸሽ ጋር በጆሮ ይቀራረባል፤ እኛ ደግሞ የምንሸሸው መሣሪያው በራሱ ሰነፈ የሚለውን አስተሳሰብ ነው። «እገታ» የ«አገተ» ዘር ነው፤ ዛሬ ሰው አፍኖ መውሰድን ስለሚያስታውስ ጨርሶ አይሆንም። የውሰቱን ቃል እንዳለ እንውሰድ የሚሉት ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም፤ ጠጋኙ የሚያነበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነውና። ነገር ግን «ትሮትል አደረገ» ሲል አድራጊው ፕሮሰሰሩ ራሱ ሆኖ ይቀርና ወደ «ዘገየ» እንመለሳለን። «አንጎለ ኮምፒዩተር» በሚለውም ላይ ተመሳሳይ ቅሬታ አለን፤ አንጎል ይደክማል፣ ያረጃል። ለዚህ ዕቃ «ፕሮሰሰር» ይበቃል።

በመጨረሻ ስለ ቅሬታው አቀራረብ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። «እንደተሰካ ይዘገያል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ፍች አለው፤ በተሰካበት ቅጽበት ማለትም ይሆናል፣ ተሰክቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ ማለትም ይሆናል። ለቋንቋ አጥኚ ይህ የታወቀ አሻሚነት ነው፤ ለጠጋኙ ግን የሁለት ብልሽቶች መለያ ነው። ገመዱ በገባበት ቅጽበት ፍጥነቱ ወርዶ ከዚያው የማይንቀሳቀስ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት መጋቢውና ምርጫው ናቸው። ጥቂት ደቂቃ በፍጥነት ሠርቶ ማራገቢያው መጮህ ከጀመረ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ግን ሙቀት ነው። የጥገና ቤቶች የመቀበያ ቅጽ «እንደተሰካ» የሚለውን ትቶ «በተሰካበት ቅጽበት» እና «ተሰክቶ ከቆየ በኋላ» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ቢኖሩት፣ ባለንብረቱ ምልክት የሚያደርግበት ሣጥን ጠጋኙ ዊንጩን ከማንሣቱ በፊት ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል።