ሲኒማ ቤቱን አይቶ ቪዲዮ ቤቱን ያለፈ መጽሐፍ

የኢትዮጵያ ፊልም ዳጎስ ያለ የጥናት መጽሐፍ ያገኘው ዘግይቶ ነው። «ሲኔ-ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ2018 ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲወጣ፣ አዘጋጆቹ ማይክል ቶማስ፣ አሌሳንድሮ ጄድሎውስኪና ጸሐፌ ተውኔቱ አቦነህ አሻግሬ በየመጽሔቱና በየጉባኤው ተበታትኖ የቆየውን ውይይት በአንድ ጥራዝ ሰበሰቡት። ውለታቸው ትልቅ ነው። ይህ ዳሰሳ ግን መጽሐፉን በአንድ ጥያቄ ይመዝነዋል፦ ካሜራ ተውሰው፣ ጓደኞቻቸውን ተዋናይ አድርገው፣ ያለ ትምህርት ቤትና ያለ በጀት ፊልም የሠሩ አማተሮች፣ ሥራቸውን ያየላቸውም የዳር ከተማ ተመልካች በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታቸው የት ነው?

የመድበሉ አደረጃጀት በዘመን ቅደም ተከተል ጀምሮ ወደ ጭብጥ ይሻገራል። ማይክል ቶማስ በመክፈቻው ምዕራፍ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ካለው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ተነሥቶ እስከ ዘመናችን ይዘልቃል። የጣሊያን ወረራ ዘመን ፊልሞች፣ የኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ሃይማኖታዊና ባህላዊ ተምሳሌቶች፣ የሴቶች ተሳትፎ፣ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ስደት በፊልም፣ ሁሉም የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። ከምዕራፎቹ መካከል በትረካ ጥበቡ የላቀው የኬት ካውቸር ነው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ ሲሉ፣ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አሰናስሎ በቴሌቪዥን አሳየ። ካውቸር ያን ምሽት የምታነበው እንደ ፊልም አርትዖት ነው። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚወልዱ ታሳያለች። የታሪክ ጸሐፊው ክስተት ብሎ ያለፈውን እሷ የቅርጽ ጥያቄ አድርጋዋለች፤ የፊልም ሂስ ከታሪክ ምን ሊጨምር እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው ምላሹ እዚህ አለ።

ቶማስ ስለ ፊልም ዘውጎች የጻፈው ሌላው ምዕራፍም ምስጋና ይገባዋል። ፊልሞቹን በሆሊውድ ሚዛን አይመድብም። ተመልካቹና ፖስተር ለጣፊው ራሳቸው «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «ልብ አንጠልጣይ»፣ «የቤተሰብ ፊልም» እያሉ የሚለዩትን አከፋፈል መነሻ ያደርጋል። ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ዘውግ በሠሪውና በተመልካቹ መካከል ያለ ስምምነት ስለሆነ፣ ስምምነቱን ከተስማሙት ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ይህን ስምምነት የሚፈጽመው ተመልካች በመጽሐፉ ውስጥ በአመዛኙ ትኬት ቆርጦ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ የሚጀምረው። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ፊልምን የለመዱት በቪዲዮ ቤት ነው። አንዲት ጨለማ ክፍል፣ ከፊት ቴሌቪዥንና ዴክ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበሮች፣ በር ላይ የዕለቱ ፊልም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ መግቢያው በሳንቲም። የህንድ ፊልም፣ ካራቴ፣ ቆይቶም የእንግሊዝ ኳስ። የአማርኛና የኦሮምኛ ፊልሞች ካሴትና ሲዲ ሆነው ሲሰራጩ ሲኒማ ቤት ያልደረሰላቸውን ሰዎች ያገኙት በእንዲህ ዓይነት ክፍሎችና በየቤቱ ነው። ቪዲዮ ቤት በመክፈቻው ምዕራፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፋል እንጂ ለብቻው ምዕራፍ አላገኘም። ተመልካቹ ከፊልሙ ጋር ጮክ ብሎ የሚነጋገርበት፣ ያልወደደውን የሚያስቀይርበት፣ ታላቅ ለታናሽ ታሪኩን የሚተረጉምበት ይህ የአተያይ ልማድ የፊልሞቹን ቅርጽ አልነካም ማለት አይቻልም። ንግግር የበዛባቸው፣ አንዱን ነገር ደጋግመው የሚናገሩ፣ ስሜትን በሙዚቃ የሚያጎሉ ፊልሞች በጫጫታ መሃል እንዲሰሙ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የመድበሉ ጸሐፊዎች ይህን ቢጠይቁ ድክመት የሚመስለውን ነገር ሁሉ ደግመው ባነበቡት ነበር።

ወደዚህ ጥያቄ በጣም የተጠጋው የተፈሪ ንጉሤ ጣፋና የስቲቨን ቶማስ ምዕራፍ ነው። ርዕሱ ራሱ ሰፊ ሕዝብና ትንሽ ስክሪን ያጋጥማል፤ የኦሮምኛ ፊልም በአገር ቤትም በውጭም በሲዲና በኢንተርኔት እንዴት እንደኖረ ይመረምራል። በእኔ ሚዛን የመድበሉ ደፋር ምዕራፍ ይኸው ነው፤ «የኢትዮጵያ ፊልም» ሲባል የአማርኛ ፊልም ብቻ ማለት እንዳልሆነ በማስረጃ ያሳምናል። ሆኖም ምዕራፉ በመድበሉ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። የቀሩት ምዕራፎች መከራከሪያውን አንሥተው ቢወያዩበት ኖሮ መጽሐፉ የጥናቶች ስብስብ ከመሆን አልፎ ክርክር ያለው ሥራ በሆነ።

የአማተሩ ዘመን እንዴት እንደ ወጣና እንደ ወረደም ከመጽሐፉ ገጾች ለቃቅሞ መገጣጠም የአንባቢው ሥራ ሆኗል። ሴሉሎይድ ውድ ነበር፤ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የፊልም ኮርፖሬሽንም ሲዘጋ መንግሥታዊው በር ተዘጋ። ቪዲዮ ካሜራ ግን በሰርግ ቀረጻ አማካይነት ከተማውን ሞልቶት ነበር። ሰርግ የሚቀርጸው ወጣት በትርፍ ጊዜው ታሪክ መቅረጽ ጀመረ፤ «ጉዲፈቻ»ና «ቀዝቃዛ ወላፈን» እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሲኒማ ቤቱን በር ለአገርኛ ፊልም ካስከፈቱ በኋላ ደግሞ ሁሉም ዕድሉን ሞከረ። ውድቀቱም ከዚያው ከቴክኖሎጂው መጣ። ሲዲን ያለ ፈቃድ ማባዛት ቀላል ሆነ፤ ቀጥሎ በየሱቁ ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ማስጫን ተለመደ፤ የሠሪው ገቢ ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ቤት ድረስ ገባ። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማን የሚመለከተው የቢታንያ ታደሰ ምዕራፍ ከዚህ ታሪክ ጋር ቢጣመር ብዙ ባስተማረ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ ዩቲዩብና ቴሌግራም ያመጡትን ለውጥ አለመያዙን ግን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ መጽሐፍ የታተመበት ቀን አለው።

በመጨረሻ የተካተቱት ከባለሙያዎች ጋር የተደረጉ ቃለ ምልልሶች ሕያው ናቸው። የሥራውን ውጣ ውረድ ከሠሪው አፍ መስማት ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ የማይገኝ ዕውቀት ይሰጣል። ይሁንና ተጠያቂዎቹ ስማቸው የገነነ ናቸው። ፊልሙን ያከፋፈለው፣ ቪዲዮ ቤቱን ያሠራው፣ ከአንድ ፊልም በኋላ ወደ ሰርግ ቀረጻው የተመለሰው ሰው ድምፁ አይሰማም። እነዚህ ሰዎች በሕይወት አሉ፤ የያዟቸው የቪኤችኤስ ካሴቶች ግን መግነጢሳዊ ንጣፋቸው እየተበላሸ ነው፤ ቅጂ ያልተረፈለት ፊልም ካሴቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥናት እነሱን ሊያስቀድም ይገባል።

«ሲኔ-ኢትዮጵያ» የኢትዮጵያን ፊልም የሚያጠና ሰው ሳያነበው ሊያልፈው የማይገባ ሥራ ነው፤ ከካውቸር፣ ከዘውጎቹና ከኦሮምኛው ምዕራፍ ቢጀምር እመክራለሁ። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቡራዩ ላይ በስልኩ አጭር ፊልም የሚቀርጽ ወጣት ቀዳሚዎቹን እንዲያውቃቸው እነዚህ ሦስት ምዕራፎች በአማርኛና በኦሮምኛ ተተርጉመው በርካሽ ቢታተሙ፣ አዘጋጆቹ ከጀመሩት ሥራ ቀጣዩ ተገቢ እርምጃ ይሆናል።