መሮውን ከማንሳቱ በፊት

አዲስ ቤት ገብተው ዓመት ሳይሞላ ከዞኮሎው በላይ ቀለሙ ሲያብጥ፣ ነጭ ጨው ሲያወጣ፣ ብዙ ሰው የሚጠራው ቀለም ቀቢውን ነው። ቀቢው ይሸፍነዋል፤ ሐምሌ ደግሞ መልሶ ይገልጠዋል። እኔ የባለሙያን ደረጃ የምለየው መሮውን ከማንሳቱ በፊት በሚጠይቀው ነው። «መቼ ነው የሚረጥበው?» ካለ ይቀመጥ። በዝናብ ጊዜ ብቻ ከሆነ ጣሪያውን፣ አሸንዳውንና መስኮቱን ያያል። ገላ ከታጠቡ በኋላ ከሆነ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ይጠረጥራል። በጋ ከክረምት ከሆነ ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም።

ቧንቧን ሲፈትሽም ሰው ይለያል። ሁሉን ዘግቶ ቆጣሪ ማየትን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ቤቱ ሮቶ ካለው፣ ከሮቶው በታች የሚያፈስ መስመር ቆጣሪውን ወዲያው አያዞረውም። ጎበዙ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውኃ ዘግቶ የውኃውን ከፍታ ምልክት ያደርግና ጠዋት ተመልሶ ያያል። ፍሳሽ መስመር ደግሞ በዚህም አይታወቅም፤ ውኃ ለቅቆ መከታተል ነው።

የመታጠቢያ ቤት ሥራ ጥራት ያለው ከሴራሚኩ በታች ነው። ሴራሚክና በመካከሉ ያለው ሙሌት ብቻቸውን ውኃ አያቆሙም፤ የሚያቆመው ከሥር የተቀባው ወይም የተነጠፈው መከላከያ ነው። ይህ ወለሉ ላይ አልቆ ከቀረ ዋጋ የለውም፤ ግድግዳው ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል መውጣት፣ የቧንቧ መውጫዎቹን ዙሪያ መያዝ አለበት። ኩሩ ሠራተኛ ሴራሚክ ከመደርደሩ በፊት የወለሉን ፍሳሽ ይደፍናል፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ውኃ ይሞላል፣ 24 ሰዓት ያቆየዋል፤ ከዚያ ባለቤቱን ይዞ ከታች ያለውን ጣሪያ ያሳያል። «አያስፈልግም፣ እኔን እመኑኝ» የሚለውን አላምነውም። ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ የቀረው ፈተና ባልዲ ውኃ ነው፦ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ተዳፋት ካለው ወደ ፍሳሹ ይሄዳል፣ ጥግ ላይ አይተኛም።

እርጥበቱ ከዝናብ ከሆነ፣ መስኮት ላይ ጣትዎን ከደፉ እብነ በረድ ሥር ይስደዱ። ውኃው እንዲንጠባጠብ የተፈለፈለ መስመር ከሌለ ዝናቡ ከሥር ተመልሶ ግድግዳውን ይልሳል። ቆርቆሮ ላይ ምስማሩ በጉብታው እንጂ በሸለቆው ላይ አይመታም።

አንዳንዴም ምንም አያፈስም። በክረምት ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ ሳይደርቅ የተቀባ ቤት የራሱን የግንባታ ውኃ ለወራት ያወጣል። የዚህ እርጥበት ሰፊና ወጥ ነው፣ እየቀነሰም ይሄዳል፤ ከሚያፈስ ቦታ የሚመጣው ግን ዳር አለው፣ ይሰፋል። ይህን ለይቶ «ምንም አትንኩ፣ መስኮት ክፈቱ» ብሎ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ስልኩን መያዝ ነው።

የሚያፈሰውን አግኝቶ የጠገነም የእርጥበቱን ዳር በእርሳስ ከቦ ቀን ይጽፍበታል፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ልስን አይመልስም። በዚያው ቀን ለስኖ፣ ቀብቶ ሒሳብ የሚጠይቀውን እስከ መስከረም ግማሹን ብር ይያዙበት።