ወይ ይህች ፑሊ!

ሰው በአንዲት ፑሊ እንዲህ ይደሰታል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ይደሰታል! ጎኗ የሚከፈት፣ መዳፍ የምትሞላ፣ ዋጋዋም ከአንድ አዲስ ጎማ የሚያንስ ተራ ፑሊ ናት። ዝግ ተሳቢ ውስጥ ከተተከለ ዊንች ጋር ስትገናኝ የምትሠራውን ሥራ አይቼ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ እያወራሁላት ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ዝግ ተሳቢ የምለው እዚህ አሜሪካ በየአውራ ጎዳናው ከፒክ አፕ ኋላ የምታዩትን፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለውን፣ የኋላ በሩ ወደ ታች ሲዘረጋ ራሱ መወጣጫ የሚሆነውን ነው። መኪና እዚያ ውስጥ ከገባ ዝናብም ጠጠርም ዓይንም አያገኘውም። ችግሩ ጥበቱ ነው። በአገሩ ሕግ በዋና ዋና መንገዶች ላይ የተሽከርካሪ ወርድ ከ102 ኢንች፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ59 አይበልጥም። የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ 2 ሜትር ከ44 ገደማ ይቀራል። ቶዮታ ካምሪ ብቻውን 1 ሜትር ከ84 ይወስዳል። መሃል ለመሃል ብታስገቡት በየጎኑ የሚተርፈው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ክፍተት በር ከፍቶ ማን ይወጣል? ይህ እንግዲህ ሞተሩ የሚነሳ መኪና ሲሆን ነው። የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ጎረምሶች ሰብስቦ «ግፉ!» ማለት ሊመጣ ነው፤ ዳገት ላይ፣ ጠባብ ሣጥን ውስጥ፣ መሪውን የሚይዝ ሰው መውጫ በሌለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ።

ዊንች፣ ገመድ ከበሮ ላይ እየጠቀለለ የሚጎትተው መሣሪያ፣ ለዚህ መድኃኒት መሆኑ የታወቀ ነው። አርተር ዋርን በ1948 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተረፉ ጂፖች የፊት ጎማን ከሞተሩ ጉልበት ማላቀቂያ እየሠራ የጀመረው ኩባንያ በ1959 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዊንች ለገበያ አቀረበ። ያኔ የታሰበው ጭቃ ለያዘው ጂፕ ነበር፤ ዛሬ ያው መሣሪያ ተሳቢ ውስጥ ገብቶ መኪና ይጭናል። ስለዚህ ዊንቹን እንደ አዲስ ነገር አላወራላችሁም። ወሬዬ ስለ አተካከሉ ነው።

ዊንች የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይጎትታል?» ብሎ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የተሳቢው ወለል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ መወጣጫው ከነቅጥያው 2 ሜትር ከ40 ይርዘም። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ጎማው በነፃ እየዞረ እዚያ ላይ ለመውጣት የሚፈልገው 400 ኪሎ ያህል ስበት ብቻ ነው። አራት መቶ! ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘው ባለ 9,500 ፓውንድ ዊንች ደግሞ 4,300 ኪሎ ይስባል ተብሎ ነው የሚሸጠው። እንግዲህ ጉልበት ከተረፈን ፑሊዋ ለምን አስፈለገች?

ነገሩ መጣፈጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ 4,300 የሚባል ቁጥር እውነት የሚሆነው ገመዱ ተተርትሮ ከበሮው ላይ የመጀመሪያው ድርብ ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በላይ በላይ እየተጠቀለለ ሲመጣ ከበሮው ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። አራተኛው ድርብ ላይ ሲደርስ ሲሶ ያህል ጉልበት ጠፍቷል። ተሳቢ ውስጥ ደግሞ የምንጎትተው ርቀት አጭር ነው፤ ከዊንቹ እስከ መወጣጫው ግርጌ ቢበዛ አሥራ ምናምን ሜትር ቢሆን ነው። 25 ወይም 30 ሜትር ገመድ የተጠቀለለበት ዊንች እንግዲህ ግማሹን ገመድ ሳይፈታ፣ ሁልጊዜ በደካማውና በፈጣኑ ድርብ ላይ ሆኖ ይሠራል። ይባስ ብሎም መኪናው የፊት ግድግዳው ጋ ሲጠጋ፣ ቀስ እንዲል በምንለምንበት ሰዓት፣ ይበልጥ ይፈጥናል።

አሁን ፑሊዋን አምጧት! ገመዱ ከዊንቹ ይወጣል፣ መኪናው ላይ በተያዘችው ፑሊ ዞሮ ይመለሳል፣ ጫፉ ዊንቹ አጠገብ ወለሉ ላይ ባለ ጠንካራ ቀለበት ይታሰራል። አለቀ። ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ። እስከዚህ ያለውን ትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ያስፈነጠዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ገመዱ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ እጥፍ ርዝመት ይተረተራል፤ ስለተተረተረ ከበሮው ይቀጥናል፤ ከበሮው ሲቀጥን ዊንቹ ራሱ ወደ ጠንካራውና ወደ ዝግተኛው ድርብ ይወርዳል። አንዲት ፑሊ በአንድ ጊዜ ሁለት ውለታ ዋለች! ፍሬኑ ነክሶ የቀረ መኪና ሲመጣ፣ አራቱም ጎማ አልዞርም ብሎ 400 ኪሎ የነበረው ወደ 1,500 ኪሎ ሲያሻቅብ፣ ያ ሁሉ ትርፍ ጉልበት ዊንቹን ሳያስጨንቀው እዚያው አለ።

ጉልበቱን ግን ተዉት፤ ጉዱ ዝግታው ነው። ገመድ አልባውን ሪሞት ይዛችሁ ከገመዱ መስመር ወጣ ብላችሁ የተሳቢው የጎን በር ላይ ቁሙ። ከዚያ ሆኖ ሁሉም ይታያል፦ የግራው ጎማ ከጎማ ቤቱ ብረት አራት ጣት ርቆ ሲያልፍ፣ ፓራውልቱ ወለሉን ሊነካ ሲል፣ የፊት ጎማዎቹ መወጣጫውን ጨርሰው ወለሉ ላይ ሲያርፉና የመኪናው አፍንጫ ጎንበስ ሲል። ቁልፉን ስትነኩ ገመዱ ይወጠራል፣ መኪናው ሁለት ጣት ይመጣል። ስትለቁት በቆመበት ይቀራል፤ ዊንቹ ውስጥ ያለው ፍሬን ይዞታል። መሪው ትንሽ ካዘነበለ በመስኮት እጅ አስገብቶ ማቃናት፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ጣት። አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳይጮህ፣ ሳያልበው፣ አንድ ተኩል ቶን ብረት ጠባብ ሣጥን ውስጥ በጣት ልክ ሲያስቀምጥ ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነው!

የጣት ልክ የምለው ለውበቱ ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይ ነፍስ የሚያድነውም እሱ ነው። ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በአንገቱ በኩል ጎታቹ መኪና ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። ይህን የሚወስነው መኪናው ተሳቢው ውስጥ የሚቆምበት ቦታ ነው። ካምሪ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ቦታውን ማግኘት አያስቸግርም። ሞተሩ ከኋላ የሆነው የኛው ቮልስ ግን ሌላ ጣጣ ነው! ፊቱን አስቀድሞ ከገባ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል፤ ስለዚህ ወደ ፊት ጠጋ፣ አሁንም ጠጋ ማድረግ፣ ወይም አዙሮ በኋላው ማስገባት ይፈልጋል። ዊንቹና ፑሊዋ ካሉ ይህ ሁሉ ሪሞት መጫን ነው። አሮጌው ቮልስ በብሎን የሚገባ የመጎተቻ ቀለበት ስለሌለው፣ ፊቱን አስቀድሞ ሲገባ ለስላሳ ማሰሪያ በፊት አክስሉ ቱቦ ላይ አዙሮ ፑሊዋን እዚያ መያዝ ነው። አዳዲሶቹ ፎልክስዋገኖች ቀለበት አላቸው፤ ወደ ግራ እየዞረ የሚገባ መሆኑን ግን እወቁ። የኤሌክትሪክ መኪና ለምትጭኑም መልካም ዜና አለኝ፦ ቴስላ ልክ ለዚህ፣ በዊንች ሲሳብ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የማጓጓዣ ሁነታ አለው።

አተካከሉ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለ። የተሳቢው ወለል ኮምፔርሳቶ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ዊንች አይሸከምም። ብሎኖቹ ከወለሉ ሥር ያሉትን ተሻጋሪ ብረቶች በሚይዝ ወፍራም ላሜራ ላይ መታሰር አለባቸው፤ የገመዱ ጫፍ የሚመለስበት ቀለበትም እንደዚሁ፣ የሥራው እኩሌታ እሱ ላይ ነውና። ዊንቹ ዝቅ ብሎ፣ ልክ መሃል መስመር ላይ ይቀመጥ፤ ጎን ከሆነ ገመዱ ከበሮው አንድ ጥግ ላይ ይከመራል። ኤሌክትሪኩን ከጎታቹ መኪና የሚመጣው ባለ ሰባት እግር ሶኬት ይቀልበው ብላችሁ አትሞክሩ፤ ያ ሽቦ የሚችለው በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ነው፣ ዊንቹ ሙሉ ጭነት ላይ ከ400 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። መፍትሔው ደስ ይላል፦ ተሳቢው ውስጥ የራሱ የታሸገ ባትሪ ይኑረው፣ ቀጭኑ ሽቦ እየተጓዛችሁ ይሙላው፣ ከባትሪው ወደ ዊንቹ የሚሄደው የጣት ውፍረት ያለው ገመድ ይሁን፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝና ማጥፊያ ይግቡ። የብረት ገመዱንም በሠራሽ ክር ገመድ ለውጡት፤ ቀላል ነው፣ እጅ አይወጋም፣ ቢበጠስም እንደ ብረቱ አይገርፍም። ከፀሐይና ከስለታም ጠርዝ ጠብቁት እንጂ።

በምትጭኑበት ጊዜ ተሳቢው ከጎታቹ አይላቀቅ፣ ጎማው ይታገድ፣ የኋላ ድጋፍ እግሮቹም ይውረዱ፤ መኪናው መወጣጫው ላይ ሲወጣ ጅራቱ ወርዶ አንገቱ ይነሳልና። መኪናው ከገባ በኋላ ደግሞ ዊንቹ ሥራው አልቋል። መንገድ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ቀበቶ እንጂ ገመዱ አይደለም፤ የአሜሪካ የጭነት ደንብም መኪና ከፊትም ከኋላም እንዲታሰር ያዛል።

ከጨረታ ቤት ያለ ቁልፍ የተሸጠ መኪና የምታነሱ፣ አሮጌ ቮልስ እየፈለጋችሁ ከግዛት ግዛት የምትዞሩ፣ ዝግ ተሳቢ ልትገዙ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ገንዘቡ ካልበቃ ዊንቹን አንድ ደረጃ አሳንሱት፤ ባለ 5,000 ፓውንዱም ለአብዛኛው መኪና ይበቃል። ፑሊዋን ግን አትተዉ።